ቤዙ ጠፍቶ ድምፁ ሲበተን፦ የቤት ስፒከር የሽቦና የፌዝ ስሕተትን ፈልጎ ማግኘት

«ሁለቱም ስፒከሮች ድምፅ ያወጣሉ፣ ግን ቤዝ የለም፤ አንዱን ስነቅለው ጭራሽ ይሻላል። ምን ሆኖ ነው?» ይህን ጥያቄ የሚያመጡት ብዙውን ጊዜ ቤት የቀየሩ፣ ሽቦ ያስረዘሙ ወይም ስፒከር ያስጠገኑ ሰዎች ናቸው። ምክንያቱ በአብዛኛው አንድ ነው፤ በአንደኛው ስፒከር ላይ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ተገላብጠዋል። የተቃጠለ ነገር የለም፣ አዲስ ስፒከር መግዛትም አያስፈልግም። ይህን የሚመስሉ ሌሎች ብልሽቶች ስላሉ ግን ሽቦ ከመገልበጣችሁ በፊት ለይታችሁ እወቋቸው።

«ፌዝ» ስንል የቆጣሪውን፣ መሞከሪያ ካቻቢቴ ሲነካው የሚበራበትን መስመር ማለታችን አይደለም። የስፒከር ፌዝ ማለት ሁለቱ ስፒከሮች ወረቀታቸውን (እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል) በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ መግፋታቸው ነው። አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ከሳበ፣ አንዱ የጨመቀውን አየር ሌላው ያላላዋል። ጉዳቱ የሚከፋው ቤዝ ላይ ነው። የ50 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 7 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 2 ሜትር ተራርቀው የቆሙ ሁለት ስፒከሮች ለእሱ አጠገብ ለአጠገብ እንዳሉ ያህል ናቸው፤ ስለዚህ በደንብ ይጠፋፋል። የ3,000 ኸርዝ ድምፅ ግን ሞገዱ 11 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። እዚህ ጋ ይጠፋፋል፣ እዚያ ጋ ይደማመራል፤ ቀጭኑ ድምፅ ሳይጠፋ «የተበተነ» የሚመስለው ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ኦም፣ ዲሲ ቮልት እና የሚጮህ የመስመር መፈተሻ ያለው ዲጂታል ቴስተር
- አንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ፣ ትንሹም ትልቁም ይሆናል
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ መላጫ ወይም ስለታም ምላጭ
- ቀይና ጥቁር ናስትሮ
- ጥሩ መሆኑ የተረጋገጠ አንድ ትርፍ የድምፅ ኬብል
- ግድግዳው ጋ የተሸጎጠ ሽቦ ለማየት የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት

ከመጀመራችሁ በፊት

ሽቦ በነካችሁ ቁጥር አምፕሊፋየሩን አጥፉ፣ ስፒናውንም ከሶኬት ንቀሉ። ድምፅ እየተጫወተ ሁለት ጫፎች ለቅጽበት ቢነካኩ የአምፑ የመውጫ ትራንዚስተር ሊቃጠል ይችላል። የአምፑን ክዳን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይይዛሉ። አምፑ በትራንዚስተር ፈንታ በሚግሉ የመስታወት አምፖሎች (ቱቦዎች) የሚሠራ የድሮ ዓይነት ከሆነ ስፒከር ሳይገጠምለት አታብሩት፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሊጎዳ ይችላል።

ሌላው የሚያሳስብ ነገር በስፒከር ሽቦ ጫፍ ላይ የመብራት ስፒና መግጠም ነው። አንድ ቀን እንግዳ ወይም ሕፃን ሶኬት ላይ ይሰካዋል፤ 220 ቮልት በቀጥታ ስፒከሩ ውስጥ ይገባል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። እንዲህ የተሠራ ካላችሁ ዛሬውኑ ቆርጣችሁ አንሱት።

1. ምልክቱን በትክክል ለዩ

የሰው ንግግር ክፈቱ፤ ለምሳሌ የሬዲዮ ዜና። ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቀት ላይ ሆናችሁ ስሙ። ከዚያ ቤዝ ያለው ዘፈን አስከትሉ። የምትሰሙት ከእነዚህ አንዱ ይሆናል፦

- ድምፁ ሁሉ አለ፣ ግን ተናጋሪው መሐል ላይ አይቆምም፣ ጆሮን የሚወጥር ስሜት አለው፣ ቤዙም ቀጭን ነው። ወደ አንዱ ስፒከር ስትጠጉ ቤዙ ይመለሳል። ይህ የፌዝ መገላበጥ ነው፤ ወደ ደረጃ 4 እና 6 ያደርሳችኋል።
- ዘፋኙ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፣ ክራሩና ኪቦርዱ ግን በሩቁ ይሰማሉ። ይህ የስፒከር መገላበጥ አይደለም። ለግራና ለቀኝ የጋራ የሆነው የመመለሻ መስመር ተቋርጧል። ደረጃ 2 ላይ ታገኙታላችሁ።
- አንዱ ወገን ጭራሽ ዝም ብሏል ወይም ድምፁ ይመጣል ይሄዳል። ደረጃ 3።
- ድምፅ ከፍ ስታደርጉ አምፑ ራሱን ያጠፋል። ሾርት ወይም ከሚገባው ያነሰ ኦም ነው፤ ደረጃ 4፣ 5 እና 8።

የመጀመሪያውን ከሁለተኛው መለየት ብዙ ልፋት ያድናል። ፌዙ የተገለበጠ ስፒከር የዘፋኙን ድምፅ ያዛባል እንጂ አያጠፋውም፤ ሁለቱ ጆሮዎቻችሁ ሁለቱንም ስፒከሮች ለየብቻ ይሰማሉና። የጋራ መስመር ሲቋረጥ ግን የግራና የቀኙ ልዩነት ብቻ ነው የሚቀረው፤ ዘፋኙ በሁለቱም ወገን እኩል ስለሚቀዳ ተቀናንሶ ይጠፋል።

2. ከምንጩ ጀምሩ

ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከሆነ የግራና የቀኝ ማመዛዘኛው መሐል ላይ መሆኑን እዩ፤ ስልኮች ላይ ይህ ተደራሽነት በሚለው ክፍል ውስጥ፣ ከሞኖ ድምፅ (የግራውንና የቀኙን አንድ አድርጎ ለሁለቱም የሚልክ) ማብሪያው አጠገብ ይገኛል። አምፑ ላይም «ባላንስ» የሚለውን ቁልፍ መሐል አድርጉ። «ሰራውንድ» ወይም «ስቴሪዮ ዋይድ» የሚል ማሳመሪያ ካለ አጥፉት፤ አንዳንዶቹ ድምፁን ለማስፋት ሆን ብለው ፌዝ ስለሚቀይሩ ሙከራውን በሙሉ ያሳስቱባችኋል።

ቀጥሎ ባለ 3.5 ሚሊሜትር ጃኩን እስከ መጨረሻው ግፉት። የስልክ መሸፈኛው ወፍራም ከሆነ ጃኩ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፣ የጋራ መስመሩም አይነካም፤ «ዘፋኙ ጠፋ» የሚባለው አብዛኛው ጊዜ ይኸው ነው። ጃኩን አንገቱ ላይ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ አጠፍ ዘርጋ አድርጉት። ድምፁ ከተቀየረ ኬብሉ ውስጡ ተቆርጧል፤ በትርፉ ኬብል ቀይሩት።

3. ግራና ቀኝን እያቀያየራችሁ ብልሽቱን ተከተሉት

አንዱ ወገን ዝም ካለ ግምት አያስፈልግም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሁለት ነገር ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ግራው ዝም ብሏል እንበል።

ሀ. አምፑ ጀርባ ላይ የግራና የቀኝ ስፒከር ሽቦዎችን አቀያይሩ። ዝም ያለው አሁንም ያው ሳጥን ከሆነ ችግሩ ሽቦው ወይም ስፒከሩ ነው። ያኛው ሳጥን ዝም ካለ ግን ችግሩ አምፑ ወይም ከአምፑ በፊት ነው።

ለ. ሽቦው ወይም ስፒከሩ ከሆነ፣ ሁለቱን ሳጥኖች ቦታ አለዋውጡ። ዝምታው ከሳጥኑ ጋር ከሄደ ሳጥኑ፣ ከቦታው ካልተነሳ ሽቦው ነው።

ሐ. ችግሩ አምፑ ወይም ከአምፑ በፊት ከሆነ፣ የስፒከሩን ሽቦ ወደ ቦታው መልሱና አምፑ መግቢያ ላይ ቀዩንና ነጩን ጃክ አቀያይሩ። ዝምታው ወደ ቀኝ ከዞረ ኬብሉ ወይም ምንጩ፣ ግራው ላይ ከቀረ አምፑ ነው።

አምፑ ተጠርጣሪ ከሆነ (የድሮ ባለ አምፖል ካልሆነ ብቻ) ስፒከሮቹን ነቅላችሁ፣ አብርታችሁ፣ ድምፁን ዜሮ አድርጋችሁ በእያንዳንዱ ወገን ቀይና ጥቁር መካከል ዲሲ ቮልት ለኩ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። ብዙ ቮልት ካሳየ የመውጫ ትራንዚስተር ተበስቷል፤ በዚያ አምፕ ላይ ስፒከር መልሳችሁ አትግጠሙ፣ የስፒከሩን ኮይል (ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰውን ጥቅል ሽቦ) ያቃጥለዋል። ለባለሙያ ይሰጥ።

4. ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩ

አብዛኛው ስሕተት የሚገኘው እዚህ ስለሆነ አትቸኩሉ።

የስፒከር ሽቦ ሁለቱ ወገኖች የሚለዩበት ምልክት አለው፦ ቀይና ጥቁር፣ አንዱ ወገን ላይ የተሰመረ መስመር፣ በጣት ሲዳስሱት የሚቆረቁር ጠርዝ፣ የታተመ ጽሑፍ፣ ወይም አንዱ የመዳብ ሌላው የብር ቀለም። የትኛውን ፖዘቲቭ ማድረግ እንዳለባችሁ ሕግ የለም፤ ሕጉ በሁለቱም ጫፍ፣ በሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ባለ ሁለት መስመር የመብራት ሽቦ ከተጠቀማችሁ ቡኒውን ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊውን ኔጌቲቭ ብላችሁ ጽኑበት። መሐል ላይ የተቀጠለ ሽቦ ካለ ናስትሮውን ፈትታችሁ ተመልከቱ፤ ሽቦ ሲያስረዝሙ ቀለም የሚገለባበጠው እዚያ ነው።

ሽቦው ምንም ምልክት ከሌለው በቴስተር ለዩት። ሁለቱንም ጫፎች ንቀሉ፤ አንዱ ጫፍ ጋ ሁለቱን መስመሮች ሳታነካኩ፣ የቴስተሩን አንድ እግር በአንደኛው ላይ፣ ሌላውን እግር ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ ተራ በተራ አድርጉ። ሲጮህ ያገኛችሁት አንድ መስመር ነው፤ በሁለቱም ጫፎቹ ቀይ ናስትሮ ጠቅልሉበት። የቴስተሩ እግር ካልደረሰ ትርፍ ሽቦ አስረዝማችሁ ሞክሩ።

ጫፎቹ ላይ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ላጡ። ከዚያ በላይ ከላጣችሁ የተራቆተው ሽቦ ከመያዣው ወጥቶ ከጎረቤቱ ጋር ይነካካል። ክሮቹን ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምዝዙ፤ ተበትና የወጣች አንዲት ክር ሾርት ለመፍጠር ትበቃለች። ጫፉን በሊድ ነክራችሁ በብሎን አትጠብቁት፤ ሊድ ለስላሳ ስለሆነ በግፊት ቀስ በቀስ ይተኛል፣ ከጊዜ በኋላም መያዣው ይላላል። የሽቦው ሽፋን መያዣው ውስጥ ገብቶ ከሆነም ብሎኑ የሚጨብጠው ፕላስቲክ ነው፤ ድምፁ የሚመጣውና የሚሄደው ከዚህ የተነሣ ነው። አረንጓዴ ወይም ጥቁር የሆነ ጫፍ ካለ ቆርጣችሁ አዲስ ላጡ።

መዳብ የሚመስል ግን ሲፋቅ ውስጡ ነጣ ያለ ሽቦ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከንጹሕ መዳብ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይደርሳል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ለአጭር ርቀት ይሠራል፤ ለረጅም ርቀት ወፈር ያለውን ውሰዱ።

ስለ ውፍረት፦ ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር መዳብ በ10 ሜትር ርቀት፣ ሄዶ ሲመለስ፣ 0.23 ኦም ያህል ነው። ባለ 0.75 ከሆነ 0.46፣ ባለ 2.5 ከሆነ 0.14 ነው። የሽቦው ኦም ከስፒከሩ ኦም 5 ከመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ለ8 ኦም ስፒከር እስከ 0.4፣ ለ4 ኦም እስከ 0.2። ከዚያ ካለፈ ኃይሉ ሽቦው ላይ ይቀራል፣ አምፑም ወረቀቱን መቆጣጠር ስለሚያቅተው ቤዙ ይልላል።

5. ስፒከሩን በኦም ለኩ

ሽቦውን ከአምፑ ነቅላችሁ፣ ስፒከሩ ጋ እንደተገጠመ፣ አምፑ በነበረበት ጫፍ ላይ ለኩ። እንዲህ ስታደርጉ ሽቦውን፣ መያዣውንና ሳጥኑን አንድ ላይ ፈተናችሁ ማለት ነው። በመጀመሪያ የቴስተሩን ሁለት እግሮች አነካኩና የሚያሳየውን ቁጥር ኋላ ላይ ከልኬቱ ቀንሱ።

- ባለ 8 ኦም ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ከ5.5 እስከ 7 ያሳያል፣ ባለ 4 ኦም ከ3 እስከ 4። ከተጻፈበት ማነሱ ጉድለት አይደለም፤ ቴስተሩ የሚለካው የኮይሉን የዲሲ ተቃውሞ ብቻ ነው።
- ከ1 ኦም በታች ከሆነ ሾርት አለ። ስፒከሩን ነቅላችሁ ሽቦውን ብቻ ድገሙ።
- ምንም ካላነበበ መስመሩ ተቋርጧል፤ ሽቦው፣ መያዣው ወይም የዉፈሩ (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) ኮይል።

ጀርባው ላይ አራት መያዣ ያለው ስፒከር ከሆነ ማያያዣ ብረቶቹ ቦታቸው መኖራቸውን እዩ፤ ከወደቁ ወይ ቱዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ) ወይ ዉፈሩ ብቻውን ይቀራል። ብረቶቹ ወጥተው የቱዊተሩን መያዣ ብቻ ስትለኩ ምንም ካላነበበ አትደንግጡ። ከቱዊተሩ በፊት ያለው ካፓሲተር ዲሲ ስለማያሳልፍ ነው።

6. አቅጣጫውን በባትሪ ድንጋይ አረጋግጡ

ይህ ሙከራ ለተራ ስፒከር ነው፤ በውስጡ አምፕ ላለው፣ በራሱ መብራት ለሚሠራ ስፒከር አይሆንም።

ሽቦው ከአምፑ የተነቀለ መሆኑን ደግማችሁ አረጋግጡ። የስፒከሩን መሸፈኛ ጨርቅ አንሱ። የፖዘቲቩን ሽቦ ከድንጋዩ ፖዘቲቭ ጫፍ፣ የኔጌቲቩን ከኔጌቲቩ ለግማሽ ሰከንድ ያህል አስነክታችሁ አላቁ። «ጧ» ይላል። አንድ ሰው ዉፈሩን ከጎን በስልክ መብራት ይመልከት፣ ወይም ጣቱን ጫፉ ላይ ሳይጫን ያሳርፍ። በነካችሁበት ቅጽበት ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ ትክክል ነው። ስታላቅቁ ወደ ኋላ ይመለሳልና ያንን አትቁጠሩ።

ሁለቱም ወደ ውጭ ከወጡ ሽቦውም ሳጥኑም ተስማምተዋል። አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ ድንጋዩን ይዛችሁ ወደ ሳጥኑ ሂዱና ሽቦውን ነቅላችሁ በመያዣው ላይ ድገሙት። እዚያ ወደ ውጭ ከወጣ የተገለበጠው ሽቦው ነው፤ አንዱ ጫፍ ላይ ብቻ አዙሩት። እዚያም ወደ ውስጥ ከገባ የተገለበጠው ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ዉፈሩ የተጠገነ ወይም የተቀየረ ከሆነ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። በዚህ ጊዜ ከውጭ ሽቦ አዙሮ ማለፍ አይበቃም፤ ከቱዊተሩ ጋር ያለውን ስምምነት ያፈርሳል። ዉፈሩን ፈትታችሁ የእሱን ሁለት ሽቦዎች ብቻ አቀያይሩ። ፖዘቲቩ ቀይ ነጥብ ወይም የመደመር ምልክት አለው፣ አንዳንዴም ሰፋ ያለው መያዣ እሱ ነው።

አንዳንድ የድሮ የጄቢኤል ስፒከሮች ከፋብሪካው በተቃራኒው የተሠሩ ናቸው፤ ቀዩ ፖዘቲቭ ሲያገኝ ወረቀቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ጥንዱ አንድ ዓይነት ከሆነ ተዉት፤ ዋናው ሁለቱ መስማማታቸው ነው።

ከ1.5 ቮልት በላይ አትጠቀሙ። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት 6 ኦም በሚለካ ኮይል ውስጥ 2 አምፔር ይለቃል፤ 24 ዋት በቆመ ኮይል ላይ ማለት ነው፣ ያቃጥለዋል። ቱዊተርንም በድንጋይ አትንኩ፤ እንቅስቃሴው አይታይም፣ ኮይሉም ቀጭን ነው።

7. በጆሮ አረጋግጡ

ሁሉንም መልሳችሁ ግጠሙ፣ ስልኩ ላይ ሞኖ ድምፅ አብሩ። ሁለቱን ሳጥኖች ፊት ለፊት በ10 ሳንቲሜትር ርቀት አቁሙና ቤዝ ያለው ዘፈን በዝቅተኛ ድምፅ ክፈቱ። አጥፉ፣ የአንዱን ስፒከር ሁለት ሽቦዎች አዙሩ፣ ያንኑ ዘፈን ድገሙ። ቤዙ የበዛበት አገጣጠም ትክክለኛው ነው። ልዩነቱ በዚህ ርቀት ላይ በግልጽ ይሰማል፤ ካልተሰማችሁ ምንጩ ሞኖ አልሆነም ወይም አንዱ ስፒከር አይሠራም።

ሞኖ ለማግኘት ብላችሁ ግን የአንድ መሣሪያ የግራና የቀኝ መውጫ በአንድ ሽቦ አታገናኙ፤ ሁለቱ መውጫዎች እርስ በርስ ይጫናሉ።

8. ከሁለት በላይ ስፒከር ካለ

ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ሲያያዙ አምፑ የሚያየው 4 ኦም ነው። ሁለት ባለ 4 ከሆኑ 2 ኦም ይሆናል፤ ብዙ የቤት አምፖች ይህን አይችሉም፣ ይግላሉ ወይም ራሳቸውን ያጠፋሉ። አምፑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ኦም አንብቡ። በተከታታይ፣ የአንዱ ጥቁር ከሌላው ቀይ ሲያያዝ፣ ሁለት ባለ 4 ኦም 8 ይሆናሉ። በተከታታይ ስትሠሩ የአንዱን አቅጣጫ መሳት ቀላል ስለሆነ በድንጋዩ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ፈትኑ፤ ሁለቱም ወደ ውጭ መውጣት አለባቸው።

ሰብዉፈር (ለቤዝ ብቻ የሚሠራ የተለየ ሳጥን) ካላችሁ፣ የፌዝ ማብሪያውን 0 እና 180 ላይ እያደረጋችሁ ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ ስሙ፤ ቤዙ የሚደምቅበትን ተዉ። ሰብዉፈሩን ካነሳችሁ ርቀቱ ስለሚቀየር ድገሙት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- በሁለቱም ጫፍ ሽቦ ማዞር። ሁለቴ ከተገለበጠ ወደ ነበረበት ተመልሷል፤ አንዱ ጫፍ ላይ ብቻ አዙሩ።
- የመኪና ቴፕ ቤት ውስጥ ሲሠራ ጥቁር መስመሮቹን በአንድ ሽቦ ማገናኘት ወይም ከቦዲ ጋር ማሰር። በመኪና ቴፕና በብዙ ትንንሽ የዲጂታል አምፕ ቦርዶች ላይ ኔጌቲቩም ራሱ የሚነዳ መውጫ ነው፣ ምድር አይደለም፤ ከቦዲ ጋር ሲነካ ሾርት ነው። ለእያንዳንዱ ስፒከር የራሱን ሁለት ሽቦ ስጡት። በተለመደው የቀለም አሰጣጥ የፊት ግራ ነጭ፣ የፊት ቀኝ ግራጫ፣ የኋላ ግራ አረንጓዴ፣ የኋላ ቀኝ ሐምራዊ ነው፤ ጥቁር መስመር ያለበት ጥንዱ ኔጌቲቩ ነው።
- በሌሎች አምፖችም ቢሆን ለግራና ለቀኝ ባለ ሦስት መስመር ሽቦ ዘርግቶ አንዱን የጋራ ማድረግ። ያ የጋራ መስመር ሲላቀቅ ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርስ በተከታታይ ይያያዛሉ፣ ዘፋኙም ይጠፋል።
- ሳጥን ከፍቶ «ቱዊተሩ ተገልብጧል» ብሎ ማስተካከል። ብዙ አምራቾች ቱዊተሩን ሆን ብለው ገልብጠው ያስሩታል፤ ድምፁን ለዉፈሩና ለቱዊተሩ የሚያከፋፍለው ሰርኪዩት ፌዙን ስለሚያዞረው ነው። ሁለቱ ሳጥኖች ውስጣቸው አንድ ዓይነት ከሆነ አትንኩት።
- ብሎኑን ከጠበቁ በኋላ ሽቦውን አለመፈተሽ። እያንዳንዱን ቀስ ብላችሁ ጎተት አድርጉ፤ ከወጣ አልተያዘም ነበር። ሳጥኑን ወደ ግድግዳ ከመግፋታችሁ በፊት የጀርባውን ፎቶ አንሱ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለጽዳት ስትነቅሉት ያገለግላችኋል።